ከመቀበሩ በፊት መለካት፦ በሪያድ የፍሳሽ መስመር ግንባታ የአካባቢ ተጽዕኖ ክትትል እንዴት ይከናወናል?

የፍሳሽ ማስወገጃ መስመር ሲጠናቀቅ ከዓይን የሚሰወር ሥራ ነው። ድልድይ ወይም ሕንጻ ከተሠራ በኋላ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ ቱቦ ግን ተቀብሮ አስፋልት ከለበሰ በኋላ በላዩ የሚያልፈው ሰው መኖሩን እንኳ አያስታውስም። በግንባታው ወቅት በአየር፣ በአፈር፣ በከርሰ ምድር ውሃ፣ በአጎራባች ቤቶችና በሠራተኞች ጤና ላይ የሚደርሰው ተጽዕኖም ጉድጓዱ ክፍት ሳለ ካልተለካና ካልተመዘገበ፣ ከተደፈነ በኋላ ማን ምን እንዳደረሰ ለማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል። የአካባቢ ተጽዕኖ ክትትል ዓላማ ይህን ክፍተት መዝጋት ነው።

የሳዑዲ ዓረቢያ ዋና ከተማ ሪያድ እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባታል። በከተማዋ በየጊዜው የሚቆፈሩት የፍሳሽ መስመሮች አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች በሚኖሩባቸው ሠፈሮች አጠገብ ያልፋሉ፤ በቁፋሮው ላይ ከሚሰማሩት መካከልም ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ ክትትሉ ምን እንደሚለካ፣ ማን እንደሚለካው፣ ልኬቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ ምን መደረግ እንዳለበት፣ እንዲሁም ነዋሪውና ሠራተኛው በዚህ ሂደት ያላቸውን ድርሻ ያብራራል።

የሪያድ ምድርና ውሃ

ሪያድ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የነጅድ አምባ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ የተፈጥሮ ወንዝ የላትም፤ ዓመታዊ ዝናቧም በአማካይ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የምትጠቀምበት ውሃ ከፊሉ ከጥልቅ ጉድጓዶች ይወጣል፤ ከፊሉ ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጨዉ ተለይቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ውሃ ወደ ከተማዋ ሲገባ መውጫው እኩል አልተዘጋጀለትም ነበር። የፍሳሽ መስመር ባልደረሰባቸው ሠፈሮች ቤቶች ቆሻሻ ውሃቸውን የሚያጠራቅሙት በዓረብኛ «ባያራ» በሚባለው ጉድጓድ ነው። ባያራው ሲሞላ «ዋይት» በመባል የሚታወቀው ቦቴ መጥቶ ይመጥጠዋል። ከባያራዎች የሚሰርገው ፍሳሽ፣ ከንጹሕ ውሃ ቧንቧዎች የሚያፈተልከው ውሃና ከአትክልት መስኖ የሚተርፈው ተደማምረው ወደ መሬት ውስጥ ሲገቡ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሪያድ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ሠፈሮች ወደ ላይ እየቀረበ መጣ። በበረሃ መካከል ያለች ከተማ በምድር ቤቶቿ ውስጥ ውሃ ታገኝ ጀመር፤ የሕንጻ መሠረቶችና መንገዶችም ተጎዱ። የዚያን ጊዜው የሪያድ ልማት ከፍተኛ ባለሥልጣን የውሃውን ከፍታ ለመቀነስ ለዓመታት የዘለቀ ፕሮግራም ማካሄድ ግድ ሆኖበታል።

የምድሩ ዓይነት ችግሩን ያከብደዋል። ከተማዋ ያረፈችበት አለት በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በአካባቢው ከጂፕሰም ጋር የሚዛመዱ፣ በውሃ የሚሟሙ የድንጋይ ንብርብሮችም አሉ። ከሪያድ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አል ኸርጅ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የሂት ዋሻ ውሃ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ምን ያህል ሊቦረቡረው እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። ስለዚህ በሪያድ የሚያፈስ ቱቦ ጉዳቱ በሽታ አያበቃም፤ ከሥሩ ያለውን ምድር ቀስ በቀስ ሊያሳሳው ይችላል።

ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የሀኒፋ ሸለቆ የዚህ ታሪክ ሌላው ምስክር ነው። ሸለቆው ለአሥርት ዓመታት የድንጋይና የአሸዋ መቆፈሪያ፣ የግንባታ ፍርስራሽ መጣያና የፍሳሽ መውረጃ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በተካሄደው የማገገሚያ ሥራ ፍርስራሹ ተነሣ፤ መውረጃው ተስተካከለ፤ ውሃውም በድንጋይ እርከኖች፣ በዕፀዋት፣ በጥቃቅን ሕዋሳትና በዓሣዎች እገዛ የሚጣራባቸው ገንዳዎች ተሠሩለት። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንጻ ሽልማትን ተቀብሏል። ዛሬ ቤተሰቦች ለሽርሽር የሚወጡበት ይህ ሸለቆ፣ በግዴለሽነት የተጣለ አፈርና ፍሳሽ መልሶ ለማንሣት የአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊጠይቅ እንደሚችል ያስታውሳል።

መስመሩን አለመገንባትም አማራጭ አይደለም። በጅዳ ከተማ ቦቴዎች ፍሳሻቸውን ሲደፉበት የኖሩት ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ ስፍራ ከጊዜ በኋላ «የምስክ ሐይቅ» ተብሎ የሚጠራ ሰፊ የፍሳሽ ኩሬ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ከባድ ጎርፍ ከተማዋን ሲመታ ግድቡ ይሰበር ይሆን የሚል ስጋት ነዋሪውን አስጨንቆት እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ ኩሬው እንዲደርቅ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። የፍሳሽ መስመር ለአካባቢ የተሰጠ መድኃኒት ነው። ሆኖም መድኃኒት ሁሉ በመጠን ይወሰዳል፤ መጠኑን የሚጠብቀው ደግሞ ክትትሉ ነው።

ሕጉና ተቋማቱ

በሳዑዲ ዓረቢያ በሥራ ላይ ያለው የአካባቢ ሕግ በሂጅራ አቆጣጠር በ1441፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር መ/165 የጸደቀ ሲሆን፣ ከ2001 ጀምሮ የነበረውን አጠቃላይ የአካባቢ ሕግ ተክቷል። ሕጉን በበላይነት የሚመራው የአካባቢ፣ የውሃና የግብርና ሚኒስቴር ነው። ፈቃድ የመስጠትና ሕጉ መከበሩን የመቆጣጠር ኃላፊነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመው ብሔራዊ የአካባቢ ሕግ ተገዢነት ቁጥጥር ማዕከል ነው።

ማዕከሉ ሥራዎችን በሚያደርሱት ተጽዕኖ መጠን በሦስት ምድብ ይከፍላል። አንደኛው ዝቅተኛ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ከፍተኛ ተጽዕኖ ያላቸውን ይይዛል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ጥናት ይጠልቃል፤ ጥናቱንም የሚያዘጋጁት ከማዕከሉ ፈቃድ ያገኙ ባለሙያዎች ናቸው። በጥናቱ መጨረሻ የአካባቢ አስተዳደርና የክትትል ዕቅድ ይቀመጣል። ዕቅዱ ምን፣ የት፣ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚለካና ከገደቡ ሲያልፍ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚደነግግ ሰነድ ነው።

በሪያድ የውሃና የፍሳሽ አገልግሎቱን የሚያቀርበው እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ብሔራዊ የውሃ ኩባንያ ነው። የመንገድ ቁፋሮዎች እርስ በርስ እንዲናበቡ፣ አንድ መንገድም ዛሬ ለፍሳሽ ነገ ለመብራት ደጋግሞ እንዳይቆፈር የማስተባበሩን ሥራ የሪያድ ክልል የመሠረተ ልማት ፕሮጀክቶች ማዕከል ይሠራል። ይህ ቅንጅት ራሱ የአካባቢ ጥበቃ ነው፤ አንድ ጊዜ የሚቆፈር መንገድ ሁለት ጊዜ ከሚቆፈረው ያነሰ አቧራ፣ ያነሰ ጫጫታና ያነሰ ፍርስራሽ ያስከትላልና።

ከቁፋሮ በፊት፦ መነሻ መረጃ

የክትትል የመጀመሪያው ልኬት የሚወሰደው ቆፋሪው ማሽን ከመድረሱ በፊት ነው። በአካባቢው ያለው አቧራ፣ የቀንና የሌሊት ጫጫታ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታና ጥራት፣ የአፈሩ ሁኔታ ይመዘገባል። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች ግድግዳዎች በፎቶግራፍ ይያዛሉ፤ ነባር ስንጥቆች ርዝመታቸውና ስፋታቸው ይለካል። ዛፎች ይቆጠራሉ። በሸለቆዎች ዳር የሚበቅሉት ግራርና ዓረቦች «ሲድር» የሚሉት ቁርቁራ በበረሃ ለማደግ ረጅም ዓመታት ይፈጃሉና ሥሮቻቸው የት ድረስ እንደሚዘልቁ ይጠናል።

ይህ መረጃ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ነዋሪው «ግድግዳዬ የተሰነጠቀው በቁፋሮው ነው» ሲል፣ ተቋራጩ ደግሞ «ስንጥቁ ቀድሞም ነበር» ሲል ዳኛው ከቁፋሮ በፊት የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። መነሻ መረጃ በሌለበት ግን ክርክሩ ማስረጃ የሌለው የቃል ክርክር ሆኖ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጎዳው ደካማው ወገን ነው።

አቧራ፦ የበረሃውን ከግንባታው መለየት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ ከ10 ማይክሮን የማይበልጡ የአቧራ ቅንጣቶች በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ45 ማይክሮግራም፣ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጡት ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ይመክራል። በሪያድ የሸማል ነፋስ አሸዋ ሲያነሣ አየሩ አንድም አካፋ ሳይነቃነቅ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ታዲያ ግንባታው የጨመረው ምን ያህል እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

መልሱ ሁለት መለኪያዎችን ማቆም ነው፤ አንዱ ነፋሱ ወደ ሥራው ቦታ ከሚገባበት፣ ሌላው ከሚወጣበት ወገን። ለአብነት ያህል በመግቢያው 180፣ በመውጫው 210 ማይክሮግራም ቢመዘገብ የግንባታው ድርሻ 30 ብቻ ነው፤ ቀሪው የበረሃው ነው። በመግቢያው 60፣ በመውጫው 190 ቢሆን ግን ምንም እንኳ ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው የጠራ ቢመስልም ግንባታው 130 ጨምሯል ማለት ነውና እርምጃው የሚያስፈልገው በዚህኛው ቀን ነው። አንድ መለኪያ ብቻ የሚያቆም ክትትል ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም፤ ለአቧራው ሁሉ በረሃውን ተጠያቂ ለማድረግም በር ይከፍታል።

እርምጃዎቹ ቀላል ናቸው፦ የተቆፈረውን አፈር ማርጠብና መሸፈን፣ የጭነት መኪኖችን በሸራ ማልበስ፣ ፍጥነታቸውን መቀነስ፣ ጎማዎችን ወደ አስፋልት ከመውጣታቸው በፊት ማጠብ፣ ነፋሱ ሲበረታ ቁፋሮውን ማቆም። ለማርጠቢያ የሚጠጣ ውሃ ማባከን ስለማይገባ ተጣርቶ ለዚሁ የተፈቀደ ውሃ መጠቀም ይመረጣል። ያልታከመ ፍሳሽ መርጨት ግን በሽታን በአቧራ ላይ መጨመር ነው።

ጫጫታ፦ በፀሐይና በእንቅልፍ መካከል

የዓለም ባንክ ቡድን መመሪያ ለመኖሪያ ሠፈሮች ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤልን እንደ ገደብ ይጠቅሳል። ሠፈሩ ቀድሞውኑ ከዚህ በላይ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ሥራው ከነባሩ ከ3 ዴሲቤል በላይ እንዳይጨምር ይመክራል። አስፋልት የሚቆርጥ ማሽን ከዚህ ሁሉ በእጅጉ ይበልጣል።

በሪያድ ጉዳዩን የሚያወሳስብ ሌላ ነገር አለ። በሳዑዲ ዓረቢያ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር ማሠራት የተከለከለ ነው። ክልከላው የሠራተኛውን ሕይወት የሚጠብቅ ነው። ይሁንና ቀን የተቋረጠው ሥራ ወደ ሌሊት ሲገፋ በአጠገቡ የሚኖረው ሰው እንቅልፍ ያጣል። በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ ዕቅድ ሁለቱን ያስታርቃል። አስፋልት መቁረጥና ድንጋይ መስበር ለጠዋትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ላለው ጊዜ ይመደባል፤ ቱቦ ማውረድ፣ ማገጣጠምና መፈተሽ የመሰሉ ጸጥ ያሉ ሥራዎች ለሌሊት ይተዋሉ። ጄኔሬተሮች ከመኝታ ክፍሎች ርቀው በድምፅ መከላከያ ይከለላሉ። ነዋሪው ሥራው የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ቀን አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግም ከእርምጃዎቹ አንዱ ነው፤ መቼ እንደሚያበቃ የታወቀ ችግር ለመታገሥ ይቀላልና።

የከርሰ ምድር ውሃ፦ ተስቦ ወዴት ይሄዳል?

የፍሳሽ ቱቦ ውሃው በራሱ ክብደት እንዲወርድ እያዘቀዘቀ ስለሚቀበር፣ ረጅም መስመር በመጨረሻው እጅግ ጥልቅ ይሆናል። የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ በቀረበባቸው የሪያድ ሠፈሮች ቁፋሮው ውሃ ውስጥ ይገባል። ሥራው በደረቅ መሬት እንዲከናወን ውሃው ቀንና ሌሊት በፓምፕ መሳብ አለበት። ክትትሉ እዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ውሃው ሲሳብ በዙሪያው ያለው መሬት ምን ይሆናል የሚለው ነው። ፓምፑ ውሃ የሚስበው ከጉድጓዱ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው የውሃ ከፍታም እንደ ማጥለያ ወደ ጉድጓዱ እየዘቀጠ ይወርዳል። ውሃ የሸሸው አፈር ሊጠብቅና ሊሰጥም፣ በላዩ ያለውንም ሕንጻ ሊያዘነብል ይችላል። ስለዚህ በመስመሩ ዙሪያ የመመልከቻ ጉድጓዶች ተቆፍረው የውሃው ከፍታ በየዕለቱ ይለካል፤ በሕንጻዎቹም ላይ ምልክት ተደርጎ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሰጥሙ በቅየሳ መሣሪያ ይታያል። የሚሳበው ውሃ ደፍርሶ አሸዋ ይዞ ከወጣ ፓምፑ ከሕንጻዎች ሥር መሬቱን እየወሰደ ነው ማለት ነውና ወዲያውኑ ቆሞ ማጣሪያው ሊታረም ይገባል።

ሁለተኛው የውሃው ጥራት ነው። የሪያድ ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማ ነው፤ ኮንክሪትን የሚበላ ሰልፌትም ይይዛል። ባያራ በበዛባቸው ሠፈሮች ደግሞ የፍሳሽ ተሕዋስያን ሊገኙበት ይችላሉ። ከመፍሰሱ በፊት በማዝቀጫ ገንዳ አልፎ ደለሉ መዝቀጥ አለበት። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ አሲድነቱ፣ ጨዋማነቱ፣ ድፍርስነቱ፣ የዘይት መጠኑና ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል።

ሦስተኛው መድረሻው ነው። በሪያድ በዝናብ መውረጃዎች የሚገባ ውሃ ብዙው በመጨረሻ የሚደርሰው ወደ ሀኒፋ ሸለቆ ነው። በአንድ ሠፈር በፈቃድ አልባ ቱቦ ወደ መውረጃው የተለቀቀ ደፍራሳ ውሃ ከብዙ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ልጆች በሚጫወቱበት፣ ገበሬዎችም ተምር በሚያጠጡበት ሸለቆ ይወጣል። ስለዚህ ማፍሰሻው በፈቃድ የተወሰነ መሆኑ፣ የፈሰሰው መጠንም በቆጣሪ መመዝገቡ ግዴታ መሆን አለበት።

አፈር፣ ፍርስራሽና ነባር ባያራዎች

ከጉድጓዱ የሚወጣው አፈር ሁሉ ወደ ጉድጓዱ አይመለስም። ትርፉ ወደ ተፈቀደ መጣያ መሄዱን የሚያረጋግጠው እያንዳንዱ የጭነት መኪና የሚይዘው ሰነድ ነው። ሰነዱ የወጣበትን ሰዓት፣ የተጫነውን መጠንና መጣያው የተቀበለበትን ማኅተም ይይዛል። ከሥራው ቦታ የወጡት መኪኖች ቁጥርና መጣያው የተቀበላቸው ቁጥር ካልተመሳሰሉ ልዩነቱ አንድ ቦታ ተደፍቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚደፋው ባዶ ቦታ ላይ ወይም ሸለቆ ውስጥ ነው። ከአሮጌ ባያራ አጠገብ የወጣ፣ የጠቆረና የሚሸት አፈር ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ተሸፍኖ መቆየትና መመርመር ይኖርበታል።

አዲሱ መስመር ሲገናኝ አሮጌዎቹ ባያራዎች ሥራ ይፈታሉ። ተመጥጠው፣ ተጸድተውና ንጹሕ አፈር ወይም አሸዋ ተሞልተው ካልተዘጉ ክዳናቸው በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ ሰው የሚውጥ ወጥመድም ይሆናሉ። የክትትል መዝገብ የእያንዳንዱን የተዘጋ ባያራ ቦታና ቀን ሊይዝ ይገባል።

ነባር መስመር ሲታደስ ደግሞ ፍሳሹ ለጊዜው በፓምፕ ወደ ሌላ መንገድ ይዞራል። ፓምፑ በሌሊት ቢቆም ፍሳሹ ወደ መንገድ ወይም ወደ ቤቶች ይመለሳል። ስለዚህ ተጠባባቂ ፓምፕና ነዳጅ፣ ሌሊቱን የሚጠብቅ ሠራተኛም መኖሩ በየዕለቱ ይረጋገጣል።

የማይታየው ጋዝ

ከሁሉም የከበደው አደጋ አይታይም። ፍሳሽ አየር ሲያጣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይፈጥራል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በማንሆልና በጉድጓድ ሥር ይተኛል። በጥቂት መጠን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሠራተኛው «ሽታው ጠፋ» ብሎ የሚወርደው ጋዙ በበረታበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከ500 በላይ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል፤ ይገድላልም። ሚቴን ደግሞ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል።

ስለዚህ ማንም ሰው ወደ ማንሆል ከመውረዱ በፊት አራት ነገሮች በመሣሪያ ይለካሉ፦ ኦክስጅን፣ የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ። ልኬቱ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ይወሰዳል፤ ሰው ውስጥ እስካለ ድረስም አይቋረጥም። ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከ19.5 በታች ከሆነ መግባት የለም። የሃይድሮጂን ሰልፋይድ መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊዮን 10 እጅ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲያሰሙ ይደረጋሉ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በእንዲህ ያሉ ጠባብ ስፍራዎች ከሚሞቱት መካከል ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ሰዎች መሆናቸውን አስታውቋል። ወገን ሲወድቅ ዘሎ መግባት የጨዋ ልብ ነው፤ በማንሆል ውስጥ ግን አንዱን ሐዘን ሁለት ያደርገዋል። ከላይ የቆመው ሰው ሥራ መግባት ሳይሆን ገመዱን መሳብ፣ አየር ማስገባትና ወደ 911 መደወል ነው።

ማን ይለካል? ማንስ ያያል?

የዕለት ተዕለቱን ልኬት የሚወስደው የተቋራጩ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው። አማካሪው መሐንዲስ ያረጋግጠዋል፤ የፕሮጀክቱ ባለቤት ሪፖርቱን ይቀበላል፤ ተቆጣጣሪው ማዕከል ደግሞ ይፈትሻል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የታወቀ ድክመት አለ፤ የመጀመሪያው ልኬት የሚወሰደው ልኬቱ ቢከፋ በሚጎዳው ወገን እጅ ነው። ድክመቱ የሚታረመው መሣሪያዎቹ በየጊዜው ከታወቀ ልክ ጋር በመስተካከላቸው፣ ናሙናዎች ወደ ገለልተኛ ላቦራቶሪ በመላካቸውና ያልተጠበቁ ጉብኝቶች በመደረጋቸው ነው።

ጥሩ ሪፖርት ሁልጊዜ «ከገደቡ በታች» የሚል አይደለም። ወራት ሙሉ አንድም መተላለፍ ያልታየበት መዝገብ እንዲያውም ጥርጣሬ ይጭራል። ባለሙያ የሚያምነው ሪፖርት መቼ ገደቡ እንደታለፈ፣ ምክንያቱ ምን እንደነበር፣ ምን እርምጃ እንደተወሰደና በማግስቱ ልኬቱ ስንት እንደሆነ የሚናገረውን ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ ቱቦው አፈር ከመልበሱ በፊትና ከለበሰ በኋላ ይደረጋል። መስመሩ በውሃ ወይም በአየር ግፊት ይሞከራል፤ ውስጡም በካሜራ ይታያል። ዛሬ የተናቀች ትንሽ ፍንጣቂ ከዓመታት በኋላ የከርሰ ምድር ውሃውን መልሳ ታበክላለች፤ መስመሩ የተገነባበትን ዓላማም ታፈርሳለች።

የዓረብኛ ምልክቶች ትርጉም

በሪያድ የሥራ ቦታዎች የሚታዩ ጥቂት የዓረብኛ ቃላትን ማወቅ ለነዋሪውም ለሠራተኛውም ይጠቅማል። «ሐፍሪያት» ቁፋሮ፣ «ተሕዊላ» ተለዋጭ መንገድ፣ «ኸጠር» አደጋ፣ «መምኑዕ አድ-ዱኹል» መግባት ክልክል ማለት ነው። በማንሆል ክዳኖች ላይ የሚነበበው «ሰርፍ ሲሒ» የፍሳሽ መስመርን፣ «ጉርፈት ተፍቲሽ» መፈተሻ ማንሆልን ያመለክታል። «ሚያህ ጀውፊያ» የከርሰ ምድር ውሃ ሲሆን «በላግ» ደግሞ ለሚመለከተው አካል የሚቀርብ ጥቆማ ነው።

ነዋሪውና ሠራተኛው ምን ያድርጉ?

ቁፋሮ ወደ ሠፈሩ ሲቃረብ ነዋሪው የቤቱን ግድግዳዎች ቀኑ በሚታይ ፎቶግራፍ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ያልተሸፈነ ጉድጓድ፣ በመንገድ ላይ የሚፈስ ፍሳሽ ወይም የተደፋ ፍርስራሽ ሲያይ በከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ በተለምዶ በለዲያ በሚባለው፣ የጥቆማ ቁጥር 940 ማሳወቅ ይችላል። የአካባቢ ብክለት ጥቆማዎች በ988 ለብሔራዊ የአካባቢ ሕግ ተገዢነት ቁጥጥር ማዕከል ይቀርባሉ። ጥቆማ ሲቀርብ ትክክለኛው ቦታ፣ ሰዓቱና የታየው ነገር በግልጽ መነገር አለበት።

ሠራተኛው ደግሞ ከማንም በፊት የሚያይ የክትትሉ ዓይን ነው። የውሃው ቀለም መለወጡን፣ የጉድጓዱ ግድግዳ መሰንጠቁን፣ ፓምፑ አሸዋ ማውጣቱን መሣሪያው ከመናገሩ በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው። ያየውን ለኃላፊው ወዲያውኑ መናገርና በዕለቱ መዝገብ መስፈሩን መጠየቅ ይገባዋል። ጋዝ ሳይለካ ወደ ማንሆል ውረድ ቢባል አለመውረድ ሕይወቱን ማዳን ነው፤ የሥራ ደኅንነትና የሠራተኛ መብት ጥያቄዎች የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር በ19911 ይቀበላል።

ከሪያድ እስከ አዲስ አበባ

የሪያድ ፍሳሽ ጉዞ በማጣሪያ ጣቢያዎች አያበቃም። በኢትዮጵያውያን ዘንድ በደንብ በሚታወቀው በመንፉሃ የሚገኘው ጣቢያ በ1970ዎቹ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከ1980ዎቹ አንስቶ የተጣራ ውሃ ለእርሻዎችና ለሪያድ ነዳጅ ማጣሪያ ሲቀርብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ሪያድ ፕሮግራም 7.5 ሚሊዮን ዛፎችን ለመትከልና ለመስኖ የሚውለውን የተጣራ ውሃ በቀን ከ90 ሺህ ወደ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ለማድረስ አቅዷል። ይህ ውሃ የሚገኘው ፍሳሹ ሳይባክንና ከጨዋማው የከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ጣቢያው ሲደርስ ነው። በግንባታ ወቅት በጥንቃቄ የተገጠመ ቱቦ ነገ በመንገድ ዳር ለሚተከለው ዛፍ ውሃ ያደርሳል።

ትምህርቱ ለአገር ቤትም ይሠራል። ኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ን ያወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል፤ የከተማዋን ፍሳሽ የተሸከሙት የአቃቂ ወንዞች ግን ገና ብዙ መስመር ይጠብቃሉ። በሪያድ ቁፋሮዎች ላይ አቧራን፣ ውሃንና ጋዝን መለካት የተማረ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ወይም የቀን ሠራተኛ ይዞት የሚመለሰው ሙያ በአገሩ የሚፈለግ ሙያ ነው።